የተለቀመው አኩሪ አተር

አኩሪ አተር አልበላም። ዘይቱንም አልቀምስም። አንድ ቀን ሰው ቤት "ወተት ነው" ብለው ያቀረቡልኝን የአኩሪ አተር ወተት ተጎንጭቼ፣ ሽታው አፍንጫዬ ሲገባ ባለቤቶቹ ፊት ልተፋው ምንም አልቀረኝም። ጓደኞቼ "አንቺ ደግሞ ነገረኛ ነሽ" ይሉኛል። ነገረኛነቴን አልክድም፤ የአኩሪ አተሩ ነገር ግን ምክንያት አለው። ከነሰንኮፉ ለማንም ነግሬ አላውቅም። ዛሬ ልንገራችሁ። ምሳችሁን ገና ያልበላችሁ ካላችሁ ግን በልታችሁ ተመለሱ።

ያኔ አሶሳ ውስጥ በአንድ አነስተኛ የምህንድስና ቢሮ የላብራቶሪ ቴክኒሻን ነበርኩ። ላብራቶሪ ስላችሁ ነጭ ጋውንና የሚያበራ ወለል እንዳይመጣባችሁ። ከአንድ የብረታ ብረት ቤት ጀርባ የተከራየነው ክፍል ነው፤ ጎረቤት ግራይንደሩ ሲጮህ የኛ ሚዛን ይንቀጠቀጣል። አለቃዬ ኢንጂነር ግርማ ይባላል። ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ጫማው በአሶሳ አቧራ መሐል እንኳን የሚያብረቀርቅ፣ ሲናገር ደግሞ ማር የሆነ ሰው ነው። ያኔ አንቱ እለው ነበር። ዛሬ ግን እጄ "ናቸው" ብሎ ሊጽፍለት እምቢ ይለኛል።

ቢሮው ወደ ባምባሲ በሚወስደው መንገድ ላይ ላለ አንድ የሰፈራ መንደር የአኩሪ አተር ጎተራ ሊሠራ ተዋዋለ። መንደሩ የኔው ነው። እናትና አባቴ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው የሰፈሩበት፣ እኔም የተወለድኩበት። ጎተራው እግር ያለው፣ ከሦስት ሰው ቁመት የሚበልጥ ክብ የላሜራ ጎተራ ነው። ታቹ እንደ ጋዝ መቅጃ ኢንቡቶ እየጠበበ ይሄድና አንድ መውረጃ አፍ ላይ ያልቃል። መዝጊያውን ስበው ሲከፍቱት እህሉ በራሱ ክብደት ይወርዳል፤ የሰው ሥራ ጆንያ ከስር መደቀን ብቻ ነው። የኢንቡቶው ግድግዳ ምን ያህል ይቁም፣ አፉ ምን ያህል ይስፋ የሚለውን የሚወስነው ኮምፒዩተር ነው።

ኮምፒዩተሩ እያንዳንዱን የአኩሪ አተር ፍሬ እንደ አንዲት ኳስ ይቆጥራል። ኳሶቹ ይጋጫሉ፣ ይፋተጋሉ፣ ይከመራሉ፣ ይፈሳሉ። ነገር ግን ኮምፒዩተር አኩሪ አተር አይቶ አያውቅም፤ የሚነግረው ሰው ይፈልጋል። ፍሬዋ ስንት ሚሊ ሜትር ናት? ስንት ትመዝናለች? ላሜራ ላይ ስትወድቅ ምን ያህል ትነጥራለች? ላሜራው ስንት ዲግሪ ሲያዘነብል ነው የምትንሸራተተው? ነጋሪዋ እኔ ነበርኩ። በመጨረሻ ደግሞ ማመሳከሪያ አለ፤ እኔ ጠረጴዛ ላይ በእውነተኛው እህል ክምር እሠራለሁ፣ ኮምፒዩተሩም በኳሶቹ ክምር ይሠራል፣ የሁለቱ ተዳፋት ይለካል። ካልተገጣጠመ የሚታረመው ኮምፒዩተሩ ነው። የምንለካውም ለዚህ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

ሥራዬን እወደው ነበር። አንዷን ፍሬ በካሊፐር ይዤ ሦስት ጎኗን ስለካ፣ ስትነጥር በስልኬ ቀርጬ እያዘገየሁ ሳይ ውዬ ባድር አይሰለቸኝም።

ለልኬት የሚሆን አንድ ጆንያ እንዲልኩልን የኅብረት ሥራ ማኅበሩን መጋዘን ጠባቂ እትዬ ዘሀራን ጠየቅኳቸው። የእናቴ ጎረቤት ናቸው፤ ከልጆቻቸው ለይተውኝ አያውቁም። በአምስተኛው ቀን ጆንያው መጣ። ፈትቼ ሳየው ፍሬው ሁሉ አንድ መልክ፣ አንድ ልክ፣ ደረቅ፣ የሚያብለጨልጭ። አንዲት ጠጠር የለው፣ አንዲት ገለባ የለው። በኛ ሰፈር ለሰው የሚሰጥ እህል ሳይነፋና ሳይለቀም ከቤት አይወጣም። ለጎረቤት ብድር ስንመልስ እንኳን ተነፍቶ ነው፤ ጉድፍ ያለበት እህል መስጠት ነውር ነው። ይህን እያየሁ ያደግኩትን ነገር ማን ይነግረኛል? ጆንያውን እንዳየሁ አውቄዋለሁ። ግን ዝም አልኩ፤ እህሉ ለመለካት ያምር ነበር።

ክምሩ ሃያ ስምንት ዲግሪ ወጣ። የኮምፒዩተሩም ሃያ ስምንት። ኢንጂነር ግርማ ክምሩ አጠገብ አቁሞ ፎቶ አነሳኝ። "ሐያት፣ እጅሽ ይባረክ" አለኝ። ላሜራው መቆረጥ ጀመረ።

ከሳምንት በኋላ እናቴን ልጠይቅ ወደ መንደር ሄድኩ። በመጋዘኑ በኩል ሳልፍ አንድ ጆንያ ከታች ተቀዶ እህሉ ይፈሳል። እውነተኛው እህል ይህ ነው፤ አፈር አለው፣ ገለባ አለው፣ የተሰበረ አለው፣ እርጥበቱ ለእጅ ይታወቃል። በፌስታል ይዤ ተመለስኩና ለካሁት። ክምሩ ሠላሳ ዘጠኝ ዲግሪ ቆመ። ላሜራው ላይ ደግሞ ፍሬው ተለጠፈ እንጂ አልንሸራተት አለ። ውጤቱን ይዤ ወደ አለቃዬ ሄድኩ።

አገላብጦ እንኳን አላየውም። በሁለት ጣቱ ፌስታሉን ከጠረጴዛው ገፋ አደረገና "ይሄ እህል አይደለም፣ ቆሻሻ ነው። ቆሻሻ አይለካም" አለኝ።

"ግን ጎተራው ውስጥ የሚገባው እኮ ይሄ ነው፣ ኢንጂነር።"

"ሐያት፣ ኮምፒዩተሩ ገጥሟል። የገጠመ ነገር አይነካም። የተቆረጠውን ላሜራ ልብላው?"

ዝም አልኩ። ፌስታሉን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ሰው "ዝም አይነቅዝም" ይላል። የኔ ዝምታ ግን ነቀዘ፣ ሸተተ፣ ትል አፈራ። በዓይኔ አየሁት።

ጎተራው ታኅሣሥ ላይ ሞላ። መጋቢት ላይ "አኩሪ አተሩ አልወርድም አለ፣ መኪናው ቆሞ ይጠብቃል" የሚል ስልክ መጣ። ከአለቃዬ ጋር በጠዋት ሄድን። መኪናውን ገና ከመንገዱ ሳናስወጣ ሽታው ተቀበለን። የአኩሪ አተር ብስባሽ አሽታችሁ ታውቃላችሁ? ያልታጠበ እግር፣ የከረመ እንቁላልና የሞተ አይጥ በአንድ ላይ ቢቀቀሉ የሚሆነውን አስቡት። የመጋቢት ሙቀት ደግሞ ከላይ ያበስለዋል። መውረጃው አፍ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ አንድ ፍሬ አይወርድም። ቡናማ ዝልግልግ ፈሳሽ ብቻ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ፈሳሹ ውስጥ ነጫጭ ትሎች ይርመሰመሳሉ። ኢንጂነር ግርማ ሶፍት አውጥቶ አፍንጫውን ያዘና "ምን አድርጋችሁት ነው?" አላቸው። የዓመት ልፋታቸው የበሰበሰባቸውን ሰዎች ነው እንዲህ የሚላቸው።

አባላቱ ከንጋት ጀምሮ የጎተራውን ጎን በእንጨት ሲደበድቡ አርፍደዋል። ሐሰን ደግሞ ፌሮ ብረት ይዞ መሰላሉ ላይ ነው። ሐሰን የማኅበሩ ጫኝና አውራጅ ነው፤ የበርታ ብሔረሰብ ሰው ነው፣ አማርኛ አፍ መፍቻው አይደለም፤ የአምስት ልጆች አባት። ወንዱንም ሴቱንም "አንተ" ብሎ ነው የሚጠራው።

"ሐሰን፣ ወዴት ነው?" አልኩት።

"ላይ። እኔ ገብቶ ይወጋል፣ እሱ ይወርዳል። ኸላስ።"

"ቆይ እንጂ፣ ከስሩ ባዶ ሊሆን ይችላል።"

"አንተ አትፍራ፣ ሐያት። እኔ ቀላል ነው።"

ወደ አለቃዬ ዞርኩ። "ይግባ ይግባ፤ ላዩ ጠንክሯል፣ ይሸከመዋል" አለ በሶፍቱ ውስጥ። ተከትዬ መሰላሉን ወጣሁ። በላይኛው በር አንገቴን ሳስገባ የውስጡ ሙቀት እንደ ምድጃ ፊቴን መታኝ። ሐሰን እንደ ቂጣ በደረቀው እህል ላይ ቆሞ መሐሉን በፌሮው ይወጋል። አንዴ። ሁለቴ። በሦስተኛው ከታች "ጉም" የሚል ድምፅ ሰማሁ።

የቆመበት ከዳው። ከስሩ የነበረው ባዶ ቦታ ተናደ፤ የተዘጋው አፍ ተከፍቶ እህሉ መፍሰስ ጀመረ። ከታች ያሉት ወረደልን ብለው እልል አሉ። ሐሰን ግን እየሰመጠ ነበር። ጉልበቱ ገባ፣ ወገቡ ገባ።

"ዝጉት! አፉን ዝጉት! ሰው እየወረደ ነው!"

መዝጊያው ሲጢጥ ብሎ ሲዘጋ እህሉ ደረቱ ላይ ደርሶ ቆመ። እጆቹ ከላይ ናቸው፣ ፊቱ አመድ መስሏል።

"እግር የለም" አለኝ። "ሐያት፣ እግር የለም።"

ገመድ ወረወርንና በብብቱ ስር አሰርንለት። አራት ሰው ቢስበው አንዲት ጣት አልተነቃነቀም፤ እንዲያውም ጩኸቱ የጎተራውን ቆርቆሮ አስጮኸው። ትንፋሹን ባስወጣ ቁጥር እህሉ የለቀቀውን ቦታ ይሞላበታል። መልሶ ለመሳብ ቦታ ያጣል።

ከታች የኢንጂነር ግርማ ድምፅ ተሰማ። "ገመዱን ተዉት! አፉን መልሳችሁ ክፈቱት። እህሉ ዙሪያውን እኩል ነው የሚወርደው፣ እሱም አብሮ ይወርዳል፣ ቀስ ብሎ ይለቀዋል። ኮምፒዩተሩ ላይ አይተነዋል!"

አዎ፣ አይተነዋል። እንግዳ ሲመጣ የሚያሳየው ሥዕል ነበር። በቢጫ ኳሶች አናት ላይ አንዲት ቀይ ኳስ ያስቀምጣል፤ አፉ ሲከፈት ሁሉም እኩል ይወርዳል፣ ቀይዋም እላይ እንዳለች ትመጣለች። እንግዳ ያጨበጭባል። ፌስታል ውስጥ ያለውን ቆሻሻ ለካሁ ባልኳችሁ ቀን ግን እኔ ብቻዬን አዲሶቹን ቁጥሮች አስገብቼ አይቼው ነበር። ያኔ እህሉ እኩል አይወርድም። ከዳር ያለው ተለጥፎ ይቀርና መሐሉ ብቻ እንደ ጉድጓድ ይፈሳል፣ ቀይዋ ኳስ ቀድማ ትጠፋለች። ሐሰን የቆመው መሐሉ ላይ ነው።

"አትክፈቱት!" አልኩ። "ይውጠዋል!"

"ሐያት፣ አርፈሽ ውረጂ!"

የመዝጊያውን እጀታ የያዙት ጋሽ ይመር ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የውሃ ጉድጓድ ሲቆፍሩ የኖሩ የወሎ ሰው። ኢንጂነሩን አዩ፣ እኔን አዩ። ኢንጂነር ነው፣ ጎተራውን የሠራው እሱ ነው፤ ማን ቴክኒሻን ይሰማል? እጀታውን ሊስቡት ሲዘጋጁ አየሁ። ያኔ ያቺ መሳቢያ ውስጥ የዘጋሁባት ነገር ከጉሮሮዬ ወጣች።

"የለካሁት የተለቀመ ነው!" ብዬ ጮህኩ። "ኮምፒዩተሩ ይሄን እህል አያውቀውም! ንጹሑን ነው የሰጠሁት። ይሄን ስለካው ሌላ ነው የወጣው፣ ደብቄው ነው!"

እትዬ ዘሀራ ከሴቶቹ መሐል ወጥተው ሽቅብ አዩኝ።

"ለቅመነዋ!" አሉ። "ሦስት ቀን ሙሉ አምስት ሴት ሆነን ነው የለቀምነው። ለቢሮ ሰው ጉድፍ ልስጥ? ኧረ ነውር አይደለም ወይ? አንቺስ የኛው ልጅ አይደለሽም? አታውቂም ነበር?"

"አውቅ ነበር፣ እትዬ።"

ከዚያች ቃል የከበደ ነገር አንስቼ አላውቅም። ፊታቸውን አዞሩብኝ። ጋሽ ይመር ግን አሁንም እጀታውን እንደያዙ ነው።

"ባጭሩ ንገሪኝ ልጄ። ልክፈት ወይስ አልክፈት?"

"አይክፈቱት። በአላህ አይክፈቱት።"

እጀታውን ለቀው በጀርባቸው ተደገፉበት። ኢንጂነር ግርማ ሊገፋቸው ሲጠጋ "ዞር በል፣ ጫማህ ይቆሽሻል" አሉት። ከዚያ ወደ ጎበዞቹ ዞሩ። "ይሄ ጉድጓድ ነው። አሸዋ ሲናድብን ምን እናደርጋለን? ዙሪያውን ግድግዳ አቁመን ከውስጥ አይደል የምናወጣው? ቆርቆሮ አምጡ! ጣውላ አምጡ!"

ከአንድ በረት ጣሪያ ላይ ቆርቆሮ ነቅለው በቁመቱ ቆራርጠው አቀበሉን። ሁለት ጣውላ አጋድመን ከሁሉም የቀለልኩት እኔ በሆዴ ተኛሁበት። ሌሎቹ ከበሩ ላይ ሆነው ቆርቆሮዎቹን በሐሰን ዙሪያ እየወዘወዙ ወደ ታች ሰደዷቸው። ከውጭ ያለው እህል ተመልሶ እንዳይገባ ማለት ነው። ከዚያ በጣሳ ከውስጥ መቅዳት። እሱ በእጁ ይዝቃል፣ እኔ በጣሳ እቀዳለሁ፣ ከኋላዬ ይቀበሉኛል።

ላዩ ደረቅ ነበር። ወደ ታች ስንሄድ እርጥብ፣ ከዚያ ትኩስ፣ ከዚያ ዝልግልግ ሆነ። ክንዴ እስከ ብብቴ ገብቷል። ትሉ በክርኔ ላይ ይሄዳል፣ ጥፍሬ ውስጥ ይገባል። ጎን ዞሬ አስመለስኩ። ተመልሼ ቀዳሁ፤ እንደገና አስመለስኩ።

"አንተ ታመመ?" አለኝ ሐሰን በሚቆራረጥ ትንፋሽ። "እኔ ነው የታመመ!"

ሳቅኩ። እያለቀስኩ፣ እያስመለስኩ፣ እዚያ ግማት ውስጥ ሳቅኩ። ትንሽ ቆይቶ "ስንት ቀረ?" አለኝ። ከጉልበቱ በላይ ያለውን በእጄ ዳሰስኩና ለካሁት።

"ሁለት ስንዝር።"

"እውነት?"

"እውነት ነው ሐሰን። ሁለት ስንዝር ከአራት ጣት።"

የቀትሩ ሰላት፣ ዙህር፣ አለፈ። ከሰዓት በኋላው የዐስር ሰላት ሲደርስ ጉልበቱ ተነቃነቀ። ገመዱን ቀስ ብለው ሲስቡት እንደ ጥርስ ተነቅሎ ወጣ። ጫማው እዚያው ቀረ። መሰላሉ ስር ሲያስተኙት "ያ ረብ" አለና ውሃ ጠየቀ፤ ሴቶቹ እልልታ አልቻሉም፣ ዝም ብለው አለቀሱ። ወደ እኔ የመጣ ሰው አልነበረም። እትዬ ዘሀራ ብቻ ማስታጠቢያ ይዘው መጥተው፣ አንዲት ቃል ሳይናገሩ፣ ክንዴን እስከ ትከሻዬ አጠቡኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐሰንን በጭነት መኪናው ወደ አሶሳ ሆስፒታል ወሰዱት። እኔ በአለቃዬ መኪና ገባሁ። መቀመጫው እንዳይበላሽ ላስቲክ አንጥፎልኛል። ጥቂት እንደሄድን ያው የማር ድምፁ ተመለሰ።

"ሪፖርቱ ላይ ተጠቃሚው ያለ ፈቃድ ገብቶ ነው ብለን እንጽፋለን። ስለዚያ ስለ ሁለተኛው ልኬትሽ ደግሞ... ደንግጠሽ የተናገርሽው ነው። ገባሽ? ለአንቺም ነው የማስበው።"

"ይግባ ያሉት እርስዎ ነዎት።"

"ማን ሰማ?" አለኝና የታሸገ ሶፍት ዘረጋልኝ። "ጠረን አለሽ።"

ያስመለስኩት በሩን ከፍቼ መሆን ነበረበት፤ አልደረስኩም። በዚያ በሚያብለጨልጭ ጫማው ላይ ሆነ። አውቄ ነው ብላችሁ ካመናችሁ ደስ ይለኛል፤ እውነቱ ግን ሆዴ ነው ያወቀው። መኪናውን አቆመ፣ ወረድኩ። ያገኘኋቸው ሁለት ባጃጆች ጠረኔን ሲሰሙ ጥለውኝ ሄዱ። አሶሳ በእግሬ ገባሁ፣ በቀጥታ ወደ ቢሮ። መሳቢያውን ከፍቼ ፌስታሉን ከነወረቀቱ አወጣሁ። ሁለቱን ልኬቶች ጎን ለጎን ጻፍኩ፤ የትኛው ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደለቀመው፣ ማን እንደደበቀው፣ ማን ይግባ እንዳለ። ለማኅበሩ ወስጄ ሰጠሁ። ሥራዬ በዚያው አበቃ። ጎተራው ኋላ በዚያ ወረቀት ተስተካከለ፤ ታቹ ተቆርጦ ግድግዳው እንዲቆም፣ አፉ እንዲሰፋ ተደረገ።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች "አለቃው ነው ጥፋተኛው" ብላችሁ ልታጽናኑኝ ትችላላችሁ። አመሰግናለሁ፣ ግን አልቀበልም። እሱ አኩሪ አተር ሲለቀም አይቶ አያውቅም። እኔ በእነዚያ ሴቶች እግር ስር ተቀምጬ ስለቅም ነው ያደግኩት። እሱን ሳስብ ይቀፈኛል፤ ራሴን ሳስብ ደግሞ የሽታው ምንጭ የት እንደሆነ አውቃለሁ። ዛሬም እለካለሁ፣ ሌላ ቦታ። ናሙና ሲመጣልኝ ያማረውን ጆንያ አመሰግንና አስቀምጣለሁ። ከዚያ መጋዘኑ ድረስ እሄድና እጄን እስከ ክርኔ ወደ ጆንያው ግርጌ እሰዳለሁ። ያወጣሁትንም አሸተዋለሁ።

ሐሰንን ከሁለት ወር በኋላ አየሁት። እናቴ ቤት ሳለሁ ዱላ ተደግፎ እያነከሰ መጣ፤ እስከ ዛሬም ያነክሳል። ምን እንደምለው ጠፋኝ፤ ይቅር በለኝ ልል አፌን ስከፍት በእጁ ከለከለኝ። ከጃኬቱ ውስጥ በላስቲክ የታሰረች የወተት ጣሳ አውጥቶ ከፊቴ አስቀመጠ። ስትከፈት ሽታው ቤቱን ሞላው። ከጎተራው ግርጌ የወጣ ነው፤ ጥቁር፣ የተጣበቀ፣ ሻጋታ የለበሰ።

"ሲጠርጉ እኔ አስቀረ" አለኝ። ከዚያ ጣሳዋን በጣቱ ወደ እኔ ገፋት።

"ይሄን ለካ።"